መዘውሩን የማዞረው እኔ ነኝ

ጁን 9፣ እሑድ

ሉስዌቲ ዛሬ ጠየቀ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገበታ ላይ ነበርን። ቡሱማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በእጁ አድቦልቡሎ እንደያዘ፣ ሳይጎርሰው፣ "አባ፣ ዘንድሮ ልገረዝ" አለ። እናቱ ናሊያካ ጭልፋውን አስቀመጠች። እኔ እንደ ደንቡ ሳቅኩበት፤ አባቴም እንደ ደንቡ አፌዙበት። "አንተ? ባለፈው ሳምንት ዶሮ አባሮህ እናትህ ጉያ የገባኸው?" አሉት። ልጁ አልደነገጠም። "አውራ ዶሮ ነበር፣ አያቴ" አለ። አባቴ ሳቃቸው አመለጣቸውና ወደ ቤታቸው ሄደው እኔና ወንድሜ ዋንጊላ በልጅነታችን የደወልንባቸውን የብረት ቃጭሎች ይዘው መጡ። ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ ቤት ሁሉ እየዞረ እየደወለ ይጠራል። ቀኑ ኦገስት 17 ሆነ።

የኔ ቀን ትዝ አለኝ። ገና ሳይነጋ ሉካላ ወንዝ ወረድን። የጎሳችን ጭቃ ያለበት ረግረግ ውስጥ አስገቡኝና ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ለቀለቁኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ራቁቴን፣ ጭቃ ለብሼ ቤት ድረስ በዘፈን ተወሰድኩ፤ ግቢው መሃል ቆሜ፣ ዓይኔን ሳልሰብር ተገረዝኩ። አባቴም እዚያው ጭቃ ነው የገቡት፣ አባታቸውም እዚያው።

ዝናቡ ሳያባራ ዋለ። ስበላ ስለ ፋብሪካው ኩሬዎች ነበር የማስበው።

ጁን 11፣ ማክሰኞ

ፈረቃ። ሦስተኛው ኩሬ እስከ አፉ ሞልቷል። አለቃ ማኮካ ደወሉ። "ትንሽ ተንፈስ አድርገው" አሉ። ተንፈስ አደረግኩት። መዘውሩ ዝጎ መዳፌ ተላጠ። እንቅልፍ።

ጁን 12፣ ረቡዕ

ነገሩን አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ልጻፈው፣ ራሴን ከምነዘንዝ። የስኳር ፋብሪካው እጣቢ፣ ዘይቱ፣ የጋን ማጠቢያው መድኃኒት፣ የሞላሰሱ ዝቃጭ፣ ሁሉም ወደ ኩሬዎቹ ይገባል። እዚያ ሰንብቶ፣ ረግቶ፣ ከዚያ በፓምፕ ወደ ፋብሪካው ሸንኮራ ማሳ እንዲረጭ ነው የታሰበው። ፓምፑ ግን ናፍጣ ይበላል። ከኩሬው ጥግ ደግሞ ወደ ወንዙ የሚከፈት የብረት በር አለ፤ በሩ ናፍጣ አይበላም። ዝናብ ሲበዛ አለቃ ማኮካ ይደውላሉ፣ እኔ መዘውሩን አዞራለሁ። እርሳቸውንም ያዘዛቸው ሰው አለ፤ እሱንም ያዘዘው አለ። በመሃል እኔ መዘውር የማዞር ሰው ነኝ። የሚወስነው ሌላ ነው።

ማኮካ ክፉ ሰው አይደሉም። እናታቸው የኛ ጎሳ ስለሆኑ ሉስዌቲ አጎቴ ነው የሚላቸው። ሥራውንም ያስገቡኝ እርሳቸው ናቸው።

ጁን 16፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ዛፉ ሥር ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ከወንዙ ዳር የምትኖረው ጎረቤታችን ናባንጊ አሳ ነጋዴ ናት። "ዘንድሮ መረብ አላስፈለገኝም፤ አሳው ራሱ መጣልኝ። ግን ሁሉም በጀርባው ተኝቷል" አለች። ሌላዋ፣ "ወንዙ ሰክሯላ፣ ሞላሰስ ጠጥቶ" አለች፤ ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጮክ ብዬም ሳልስቅ አልቀረሁም፣ ናሊያካ ዞር ብላ አየችኝ።

የገበሬው የሰብል መድኃኒትም ከዝናቡ ጋር እየታጠበ ወንዝ ይገባል። እሱን ማንም አያነሳም።

ጁን 20፣ ሐሙስ

ተከፈተ። ከባለፈው በዝቶ። ሲወርድ ድምፁ እንደሚያስመልሰው ሰው ነው። አላየሁትም፤ ፊቴን ወደ ጭስ ማውጫው አዙሬ ቆየሁ።

ጁን 23፣ እሑድ

አባቴ ማታ ጠሩኝ። በረንዳቸው ላይ ነበሩ። "ወንዙ ይሸታል። አንተ እዚያው ነህ የምትሠራው፣ ምንድነው?" አሉኝ።

"ሞላሰስ ነው፣ አባ። ስኳር ማለት ነው። አይጎዳም።"

"ስኳር እንደዚህ ይሸታል?"

"ሲሰነብት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። አመኑኝ። አባቴ የማያውቁትን ነገር እኔ ከነገርኳቸው ያምናሉ፤ ፊደል የቆጠርኩ ልጃቸው ነኝ። ቤት ስገባ ናሊያካ ምነው ፊትህ አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ጁን 30፣ እሑድ

ሉስዌቲ ቃጭሉን መደወል ተክኖበታል። ከሩቅ ይሰማል። ድምፁን ስሰማ ደስታና ሌላ ነገር አንድ ላይ ይመጣብኛል።

ናሊያካ የመጠጥ ውሃ ከኮረብታው ምንጭ መቅዳት ጀምራለች። ዳገቱ ረጅም ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል። ለምን ትደክሚያለሽ ስላት፣ "መንገዱ እግሬን ያፍታታልኛል" አለች። ሴቶች አንዳንዴ የራሳቸው ነገር አላቸው።

ጁላይ 8፣ ሰኞ

ሁለት ሌሊት በተከታታይ። መጻፍ አልችልም።

ጁላይ 14፣ እሑድ

የናባንጊ ልጅ ሲፉና ጤና ጣቢያ ገብቷል። መቆፈሪያ እግሩን ቧጨረው፤ ትንሽ ነገር ናት። ወንዝ ወርዶ አጠባት። አሁን እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል፣ ቆዳው አልፎ አልፎ ተገሽልጧል። ነርሷ ገና ስታየው "ሉካላ ገባህ?" አለችው አሉ።

እግር ነው። ጭረት ነው። የኛ ልጅ ራቁቱን ከነሙሉ ሰውነቱ ጭቃው ውስጥ ይገባና፣ በዚያው ጭቃ ላይ ነው ቢላዋ የሚያርፍበት።

ቆሻሻው ከታች ከታች ነው የሚሄደው፤ ጭቃው ያለው ደግሞ ዳር ላይ ነው። ይሄን ለራሴ ስነግረው ዋልኩ። ጭቃ ግን የሚይዘውን አይለቅም፣ እሱንም አውቃለሁ።

ጁላይ 15፣ ሰኞ

ለሲፉና ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ናባንጊ አመሰገነችኝ። "አንተ ብቻ ነህ ከፋብሪካ ሰው የመጣኸው" አለችኝ። ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ምን ያደርግልኛል ምስጋናዋ።

ጁላይ 21፣ እሑድ

ዛሬ ቤቱ ተናጋ። ናሊያካ እራት ላይ፣ ሁሉም ባሉበት፣ "ሉስዌቲ ሆስፒታል ይገረዝ" አለች።

አባቴ ጆሯቸውን አላመኑም። "ሆስፒታል? ተኝቶ? እንደ ታመመ ሰው ብርድ ልብስ ለብሶ?"

"ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?" አለ ሉስዌቲ። ድምፁ ሊሰበር ምንም አልቀረውም። "ቃጭል ደውዬ፣ ሰው ሁሉ ጠርቼ? እስከማረጅ ነው የሚዘፍኑብኝ።"

አክስቴ ናሳምቡ፣ የአባቴ እህት፣ "ልጅቷ ልቧ ስስ ሆኖ ነው፣ አንድ ልጅ ነው ያላት" ብላ ልታበርድ ሞከረች። ናሊያካ አልበረደችም፤ እኔን ነበር የምታየው። እኔ ቡሱማዬን ነበር የማየው።

መኝታ ቤት ስንገባ "ሆስፒታሉን ለምን እንዳልኩ ታውቃለህ" አለችኝ።

"ብርዱን ፈርተሽ።"

ጀርባዋን ሰጠችኝ። "አዎ" አለች። "ብርዱን።"

ጁላይ 29፣ ሰኞ

ዛሬ ወንድ ሆኜ አለቃ ማኮካ ቢሮ ገባሁ። ኦገስትን በሙሉ በሩ እንዳይከፈት፣ ፓምፑ ይነሳ አልኳቸው። ልጄ እንደሚገረዝ ነገርኳቸው። ሰምተዋል፤ ደስ አላቸው፤ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። ከዚያ፦

"ኦገስት የሸንኮራው ትልቁ ወቅት ነው፣ ኩንዱ። ናፍጣ ብጠይቅ እኔን ይጠይቁኛል።"

"ጭቃው እኮ ከበሩ ታች ነው፣ አለቃ።"

"ወንዝ ቆሞ አያውቅም፣ ይዞት ይሄዳል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መዘውር ማዞር የሚችል ሰው ከውጭ ተሰልፏል። እኔ አንተን ነው የምፈልገው። አታስቸግረኝ።"

አላስቸገርኳቸውም። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ የምትለው ቃል ከአፌ እንዴት ቶሎ እንደምትወጣ ይገርመኛል።

ኦገስት 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ የግርዘቱ ቡሳ፣ የዳጉሳ ጠላው፣ ውሃ የሚቀዳበት ቀን ነበር። ሉስዌቲ በማለዳ እንስራ ተሸክሞ ሉካላ ወረደ፤ በደንቡ መሠረት ከሌላ ቦታ አይቀዳም። ናሊያካ በሌሊት ተነስታ ከምንጩ ያመጣችውን ጀሪካን ከበሩ ሥር አስቀምጣ ነበር። "ይሄንን ጨምሩበት" አለች። አክስቴ ናሳምቡ፣ "ልጄ፣ የግርዘት ቡሳ በምንጭ ውሃ?" ብላ ጀሪካኑን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

ልጁ ውሃውን አመጣ። አባቴ እጁን ይዘው የዳጉሳ ብቅሉ ላይ አስፈሰሱት። ቀለሙ ሻይ ይመስል ነበር። "የዝናብ ጊዜ ነው" አሉ አባቴ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሐሙስ ማታ ከፍቼው ነበር። ሐሙስ ማታ።

ኦገስት 5፣ ሰኞ (ረጅም ይሆናል)

ቡሳው አልፈላም። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ረጃጅም መምጠጫ ሸምበቆዎቻቸውን ይዘው ማሰሮውን ከበው ተቀመጡ። ክዳኑ ሲነሳ አረፋ የለም፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፣ ላዩ ላይ ጥቁር ነገር ሰፍፏል። አንደኛው ሸምበቆውን ከማሰሮው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስተኛው። ሌሎቹም አስተኙ።

የግርዘት ቡሳ እምቢ ሲል በኛ ዘንድ ትርጉሙ አንድ ነው፤ የቤቱ ሰው ሆድ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ካልወጣ ልጁ ቢላዋው ፊት ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሁላችንም ተጠራን። ቃጭሉን ይዞ ሉስዌቲም መጣ። አባቴ፣ "እንግዲህ እያንዳንዱ ያለውን ይትፋ፣ ልጁ እንዳይዋረድ" አሉ።

ወንድሜ ዋንጊላ ቀደመ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። "ድንበር ላይ ያለውን ቃጫ ወደ ኩንዱ ማሳ ገፋ አድርጌዋለሁ። ትንሽ ነው። እመልሳለሁ" አለ። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ማሰሮውን አዩት፤ አሁንም አረፋ የለም።

አክስቴ ናሳምቡ ቀጠለች። "የናሊያካ ቡሱማ ጓጉላ ነው ብዬ ገበያ ላይ ተናግሬያለሁ።"

"ሰምቻለሁ" አለች ናሊያካ። "እኔም አንቺ ስትዘፍኚ ፍየል ትመስያለሽ ብያለሁ።"

አንዱ ሽማግሌ ሳቅ አፈነው። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በፋሲካ ጠፋች የተባለችው ዶሮ" አሉ፣ "አልጠፋችም።" ይሄኔ ሁሉም ሳቀ፤ ሉስዌቲ እንኳ ሳቀ። እኔ ብቻ አልቻልኩም። ሰዎቼ የቃጫና የዶሮ ኃጢአታቸውን እያወጡ የኔን ይፈልጋሉ። የመጣው ውሃ በምን እንደተበከለ ከመካከላቸው የማውቀው እኔ ነኝ፣ እነሱ ደግሞ ልባቸውን ይመረምራሉ።

ሳቁ አለቀ። ማሰሮው እንደዚያው ነው። አባቴ እያንዳንዳችንን ማየት ጀመሩ፤ እኔ ላይ ሲደርሱ ሊያልፉኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩት። ስለ ኩሬው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ስልኩ። ሞላሰስ ነው ያልኳቸው ሞላሰስ ብቻ እንዳልሆነ። መዘውሩን የማዞረው እኔ እንደሆንኩ። የሲፉና እግር። ሐሙስ ማታ። ያዘዙኝ ሌሎች ናቸው ልል አፌን ከፍቼ፣ ልጄን አየሁትና ዘጋሁት።

ዋንጊላ ነው መጀመሪያ የተናገረው። "እኔስ ቃጫውን እነቅልና እመልሳለሁ። አንተ ወንዙን እንዴት ነው የምትመልሰው?"

አባቴ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ሳይቆጡ ጠየቁኝ። "መክፈት የምትችል ሰው መዝጋትም ትችላለህ? ወይስ እሱ ሌላ ሰው ነው?"

"እችላለሁ፣ አባ። ሥራውን ግን…"

"ስለ ሥራው አልጠየቅኩህም።"

ሉስዌቲ ቃጭሎቹን ከእጁ አውልቆ መሬት አስቀመጣቸውና ወጣ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። አባቴ ቡሳውን ራሳቸው ተሸክመው ከግቢው ውጭ ደፉት። የወንዙን ቦታ እንቀይር ያለ ሽማግሌ ነበር፤ ከፋብሪካው በላይ ያለው የሌላ ጎሳ ጭቃ ነው ብለው ሌሎቹ አልተቀበሉትም።

አፍሬያለሁ። እንደዚህ አፍሬ አላውቅም። ግን፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነስቷል።

ኦገስት 6፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሉስዌቲ ተመልሶ መጣ። እኔን ሳያይ አያቱን ነው ያናገረው። "የአጎቴ የማኮካ ቤት ገና አልደወልኩም" አለ።

አባቴ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ቃጭሎቹን ከመሬት አንስተው እጁ ላይ አሰሩለት።

አብረን ወጣን፤ ስንነሳ ቤተሰብ ብቻ ነበርን፣ በየደጁ ስናልፍ ሰው እየተጨመረ ማኮካ ግቢ ስንደርስ መንገዱ ሞልቷል። ናባንጊም ነበረች። ልጁ ደወለ፣ ጨፈረ፤ እኛ ተቀበልን። ማኮካ ከነሚስታቸው ወጡ፣ ደስ ብሏቸዋል፤ ነጭ አውራ ዶሮ ይዘው። የደወለልህን ልጅ ባዶ እጁን መስደድ ነውር ነው፤ ልጁ ስጦታህን ካልተቀበለህ ግን ከነውርም ይብሳል።

ሉስዌቲ ዶሮውን አልተቀበለም። ዘፈኑ ቆመ።

"አነሰህ?" አሉ ማኮካ፣ ፊታቸው ተለዋውጦ።

"አላነሰኝም፣ አጎቴ። በሩን ዝጉልኝ። ጭቃው እስኪጠራ፣ ቁስሌም እስኪድን።"

ማኮካ ከልጁ ላይ ዓይናቸውን አንስተው እኔን ፈለጉ። አገኙኝ። ወደፊት ወጣሁ። "አለቃ፣ ከእንግዲህ ቢደውሉልኝ አልከፍተውም። ሌላ ሰው ቢያስገቡም እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ" አልኩ። ይሄን ያልኩት እኔ መሆኔን አሁንም ስጽፈው አላምንም።

ዶሮው ብቻ ነበር የሚንፈራገጠው። ከበሩ ሥር የማኮካ ሚስት፣ "ዝጋለት እንጂ ሰውዬ። የወንድሜም ልጅ እዚያው ታች ነው የሚገባው፣ ረሳኸው እንዴ?" አሉ። ማኮካ በረጅሙ ተነፈሱ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ራሳቸውም ፈገግ አሉ፤ የተሸነፈ ሰው ፈገግታ።

"ነገ ፓምፑ ይነሳ" አሉኝ። "ስለ ናፍጣው ለሚጠይቁኝ እኔ እመልሳለሁ። ዶሮውን ግን ውሰድልኝ፣ አንተ ልጅ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ።" ሉስዌቲ ዶሮውን ተቀበለ። እልልታው ቀለጠ።

ኦገስት 7፣ ረቡዕ

ፓምፑ ተነሳ። ሳል ሳል አለና ያዘ። ሸንኮራው ማሳ ውስጥ ሽታው አይቻልም። በጣም ጥሩ ሽታ ነው።

ኦገስት 9፣ ዓርብ

ዝናብ ቀንና ሌሊት። ኩሬው ሊሞላ ሲል ማሳው ይጠጣዋል። ወንዙ ሞልቶ እየጋለበ ነው፤ ያጥበዋል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አለቃ ናቸው እላለሁ፤ እስካሁን የጮኸው ለሌላ ነገር ነው።

ኦገስት 11፣ እሑድ

አባቴ ነገር አመጡ። ትላንት ሉካላ ወርደው ሁለት እግራቸውን እስከ ጉልበታቸው በጎሳችን ጭቃ ለቅልቀው መጡ። ቅልጥማቸውንም በእሾህ ጫር አድርገውታል። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አይታጠቡም። አክስቴ ናሳምቡ፣ "አብደዋል እንዴ፣ እንግዳ እየመጣ?" አለቻቸው።

"ካሳከከኝ ልጁ አይገባም። ካላሳከከኝ ይገባል። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።"

ለሽማግሌ ሰው ይሄ ሁሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ትላንት እንቁራሪት ሰማሁ" አሉኝ ድንገት፣ ወደ ወንዙ እያዩ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሰምተው እንደማያውቁ ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያዳምጡ ነበር።

ኦገስት 12፣ ሰኞ

አላሳከካቸውም። እግራቸውን ሲታጠቡ ናሊያካ ራሷ ውሃ አፈሰሰችላቸው። ቅልጥማቸው ላይ ያለችው ጭረት ደርቃለች።

ኦገስት 13፣ ማክሰኞ

ልጁ እንደገና ውሃ ቀዳ። ጠረኑ የዝናብና የሣር ነው። እኔ ቀምሼዋለሁ፣ ማንም ሳያየኝ።

ኦገስት 15፣ ሐሙስ

ፈላ። አረፋው ከማሰሮው አፍ ሞልቶ ፈሰሰ። ሽማግሌዎቹ እየተጋፉ ሸምበቆ ነከሩ። ዋንጊላ ቃጫውን ነቅሎ መልሷል፤ ትንሽም ወደ ራሱ ገፋ አድርጎታል። እፎይ።

ኦገስት 17፣ ቅዳሜ

አባት ወንዝ አይወርድም፣ ግቢ ነው የሚጠብቀው። ጨለማው ሳይገፈፍ ዘፈኑን ከሩቅ ሰማሁት። በሄዱበት መንገድ አይመለሱምና ድምፁ ባልጠበቅኩት በኩል መጣ። ከዚያ ልጄን አየሁት። ጭቃ ብቻ ነው፤ አናቱ ላይ አንዲት ሣር ቀጥ ብላ ቆማለች። ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ብርዱ ያንሰፈስፈዋል፣ ግቢ ሲገባ ግን ቆመ።

ናሊያካ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ነበረች፤ እናት አታይም። እኔ አያለሁ። ገራዡ ተንበረከከ። ልጁ ዓይኑን አንስቶ እኔ ላይ ተከለው፣ ሌላ የሚያይበት ሁሉ እያለ። አልነቀለውም። እኔም ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ ፊሽካው ተነፋ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ አባቴ ሸምበቆ ይዘው መጨፈር ጀመሩ።

አልተንቀጠቀጠም። ልጄ ሽፋሽፍቱን እንኳ አላርገበገበም። እኔ ከቤት ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፣ ይጻፍ።

ኦገስት 20፣ ማክሰኞ

ገራዡ መጥቶ አየው። እብጠት የለም፣ መግል የለም። "ንጹሕ ነው" አለ። ናሊያካ ከመጋረጃው ጀርባ ቃሉን ደገመችው፣ ንጹሕ ነው። ዛሬ ሁለት ጊዜ በላሁ።

ኦገስት 25፣ እሑድ

ማኮካ ደወሉ። በሩን ክፈት ሊሉኝ መሰለኝ። ለካ ስለ ልጁ ሊጠይቁ ነው። በላይ ያሉት ስለ ናፍጣው ጠይቀዋቸው፣ የዚያ ማሳ ሸንኮራ ከሌላው ይልቅ ለምልሟል ብለው እንደመለሱላቸው ነገሩኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ደግሞ ለስንት ጊዜ እንደሚያዋጣ አላውቅም። ለዛሬ አዋጥቷል።

ማታ ናሊያካን ጠየቅኳት። "ከመቼ ጀምሮ ነበር የምታውቂው?"

"ጫማህን የማጥበው ማን ነው?" አለችኝ። "ጥቁሩ ጭቃ ከኩሬው በር በቀር የት አለ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? አንተ ራስህ ለራስህ ሳትነግረው።"

ትራሱን አስተካክላልኝ ተኛች።

ሴፕቴምበር 8፣ እሑድ

ቁስሉ ደርቋል። ዛሬ ሉስዌቲ ወንዝ ወርዶ እንዲታጠብ ተፈቀደለት። ሰው ሁሉ እንደ ትልቅ ሰው ሰላም ይለዋል፤ እሱም ድምፁን ወፈር ለማድረግ ይሞክራል፣ አንዳንዴ ይከዳዋል። ከቡሳው ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር የሚነጋገረው በግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ አልፈረድኩበትም። ዛሬ ግን ከበሩ ደጅ ቆሞ፣ "አባ፣ ና እንሂድ" አለኝ። አያቱን አልጠራም፣ አጎቱን አልጠራም።

ሁለታችን ወረድን። ሉካላ ጎድሎ ጠርቷል፤ ከዳሩ አሸዋው ይታያል፣ ወደ መሃል ግን አሁንም ትንሽ ደፍርሷል። ትናንሽ አሳዎች ነበሩ፣ በሆዳቸው የሚዋኙ። ሉስዌቲ ሸሚዙን አውልቆ ዳር ላይ ቆመ። ውሃውን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም፣ አልሳቀም።

"አንተ መጀመሪያ ግባ" አለኝ።

ጫማዬን አወለቅኩ። ሱሪዬን አጠፍኩ፣ ከዚያ ተውኩትና እንዳለሁ ገባሁ። ብርዱ ትንፋሼን ቆረጠው። ወገቤ ድረስ ሄድኩ፣ ጎንበስ ብዬ ፊቴን ታጠብኩ፣ ጭንቅላቴንም ነከርኩ። ጭንቅላቴን ሳወጣ ውሃው ከዓይኔ እስኪወርድ ምንም አላየሁም። ቀና ስል ከኋላዬ ውሃው ሲረጭ ሰማሁ፤ ልጄ ገብቷል።